ላንድክሩዘርን በግቢ ውስጥ ከፍ ማድረግ፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «የጅማ ነዋሪ ነኝ። ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ አለኝ፤ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ፣ ፊቱ ሞላ፣ ኋላው ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ሞላ) ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ጌራ ስመላለስ የመኪናው ሆድ በጎማ ቦዮች መካከል የሚቀረውን ጉብታ እየፈጨ ይሄዳል። ዘመድ ከውጭ አገር 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሙሉ ዕቃ ልኮልኛል፤ ሁለት ሞላ፣ ሁለት ባሌስትራና አራት ሾክ አብዞርበር ነው። ከወንድሜ ጋር ሆነን በግቢያችን ልንገጥመው እንችላለን ወይ? ከገጠምነውስ በኋላ ዲፈረንሻሉ መምታቱን ይተዋል ወይ? ሥራውስ ስንት ቀን ይወስዳል?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ «ትችላላችሁ» ነው፤ በምን ሁኔታ እንደሆነ ወደ በኋላ እገልጻለሁ። ለሁለተኛው ግን መልሴ «አይተውም» ነው። ብዙ ባለመኪናዎች ገንዘባቸውን ካወጡ በኋላ ቅር የሚሰኙት በዚህ ነጥብ ስለሆነ ከእሱ ብጀምር ይሻላል።

የእርስዎ መኪና ፊቱም ኋላውም ድፍን አክስል ነው፤ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎቹ በአንድ ወጥ ብረት የተያያዙ ናቸው። ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የጥርስ ሳጥን፣ የሚገኘው በአክስሉ ውስጥ ሲሆን፣ አክስሉ ደግሞ በቀጥታ የቆመው በጎማዎቹ ላይ ነው። ሞላውና ባሌስትራው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ስለሚገኙ፣ ረዘም ያለ ሞላ ሲገባ ከፍ የሚለው ከሞላው በላይ ያለው ሁሉ ነው፤ ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ የነዳጅ ታንከሩ፣ ጋቢናውና ጭነቱ ይነሳሉ። ዲፈረንሻሉ ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም። እሱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማ ቁመት ብቻ ነው፤ ያውም ከጭማሪው የሚደርሰው ግማሹ ነው። ለምሳሌ 235/85 አር 16 የሚል ጎማ በስሌት 806 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት ሲኖረው፣ 255/85 አር 16 ደግሞ 840 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሁለቱ ልዩነት 34 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዲፈረንሻሉ የሚነሳው በ17 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ የፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ መኪናው በእርግጥ 83 ገደማ እየሮጠ ይሆናል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ትንሽ ይከብደዋል።

እንዲህ ስል የተላከልዎት ዕቃ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በአክስሎቹ መካከል ያለው የመኪናው ሆድ፣ ማለትም ሻንሲው፣ የትራንስፈር ኬዙ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለው ሳጥን) መከላከያ ብረትና የጭስ ማውጫው፣ በእርግጥ ይነሳሉ፤ መኪናው ቦይ ሲወጣና ሲወርድ አፍንጫውና ጅራቱ ቶሎ አይነኩም፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባም ወደ ታች የሚዘረጋበት ርቀት ስለሚጨምር መሬቱን ሳይለቅ ይቆያል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መኪናው የት ላይ እንደሚመታ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ቀላል ነው። ከጌራ ሲመለሱ መኪናውን ሳያጥቡ ሥሩ ገብተው ይመልከቱ። የጅማ ቀይ አፈር ሁሉን ሸፍኖ ይደርቃል፤ የተፈገፈገው ብረት ግን ጸድቶና አብረቅርቆ ይታያል። የሚያብረቀርቀው የዲፈረንሻሉ ሆድ ብቻ ከሆነ ሞላ መቀየር ችግሩን አይፈታውም፤ የሚያዋጣው ጎማን ማሳደግና ከሁሉም በላይ አንዱን ወገን ጎማ በጉብታው ላይ፣ ሌላውን በቦዩ ጠርዝ ላይ አድርጎ መንዳት ነው። የሚያብረቀርቀው መካከለኛው ክፍል ከሆነ ግን ዕቃው በትክክል ለእርስዎ ችግር የተሠራ ነው።

ቀጥሎ የሚነሳው የጭነት ጉዳይ ነው። ባሌስትራው ለምን ያህል ቋሚ ጭነት እንደተሠራ ከዕቃው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ያንብቡ። ቋሚ ጭነት ማለት ዓመቱን ሙሉ ከመኪናው ጋር የሚዞር ክብደት ነው፤ በቡና ለቀማ ወቅት ብቻ የሚጫነው ጀንፈል በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ለ300 ኪሎ ግራም ቋሚ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ በባዶ መኪና ሥር ሲገባ ከተባለው 5 ሴንቲ ሜትር በላይ ያነሳል፤ በኮሮኮንች መንገድ ላይም የኋላው ጎማ እየዘለለ መሬቱን ይለቃል፤ ጎማ መሬት ላይ ካልሆነ ደግሞ ፍሬንም መሪም ትርጉም የላቸውም። በተቃራኒው መኪናው ከፍ ማለቱ የመጫን አቅሙን በአንድ ኪሎ እንኳ አይጨምርም። ባለ 60 ኪሎ አሥር ጆንያ ከፍ ከማለቱ በፊትም በኋላም 600 ኪሎ ነው፤ አክስሉ፣ ኩሽኔታዎቹና ፍሬኑ የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

በከተማችን የተለመደው ሌላው መንገድ ከጭነት መኪና የወጣ አሮጌ ባሌስትራ በነባሩ ላይ መደረብ ነው። ርካሽ ነው፤ መኪናውም በእርግጥ ከፍ ይላል። ነገር ግን የተደረበው ብረት ጠመዝማዛነቱም ግትርነቱም ከነባሩ ጋር ስለማይስማማ ክብደቱን ሁሉም እኩል አይካፈሉትም፤ ብዙውን ጊዜ ዋናው ባሌስትራ በማሰሪያው አጠገብ ይሰነጠቃል። አንዳንዶች ደግሞ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ወይም የእንጨት ግንዲላ ያስገባሉ። ለኋላ ተብሎ የተሠራ አንድ የብረት ማስነሻ በጥንቃቄ ከገባ ሊሠራ ይችላል፤ ሁለት መደራረብ ወይም እንጨት መጠቀም ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ፍሬን ሲያዝና ጉልበት ሲሰጥ አክስሉ ይጠመዘዛልና። እርስዎ ሙሉ ባሌስትራ ስለተላከልዎት ከዚህ ጣጣ ድነዋል።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። በጅማ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለማያቋርጥ የግቢ አፈር ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከውስጥ ለስላሳ ነው፤ ክሪኩ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና አንስቶ እያለ ቀስ በቀስ ይሰምጣል፤ ወደ አንድ ጎን ሲሰምጥ ደግሞ መኪናው ይንሸራተታል። ስለዚህ ሊሾ የፈሰሰበት ወለል ከሌለዎት ሥራውን ለበጋ ያቆዩት፤ ወይም ወለል ያለው ጎረቤት ይለምኑ። በደረቅ አፈር ላይ እንኳ ከክሪኩና ከማቆሚያው ሥር ወፍራምና ሰፊ ጣውላ መነጠፍ አለበት። ብሎኬት በምንም ምክንያት ከመኪና ሥር አይገባም። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደቱን ለሰዓታት ተሸክሞ ቆይቶ፣ ሳይሰነጠቅና ድምፅ ሳያሰማ፣ በአንድ ጊዜ ይደቃል። ድንጋይ መደራረብም እንደዚሁ ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 3 ቶን የሚችሉ ሁለት፣ ቢቻል አራት፣ የብረት ማቆሚያዎችን ከጋራዥ በኪራይም ቢሆን ያግኙ። እነዚህ ካልተገኙ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ የሰጠሁት መልስ ይቀየራል።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ ስለዚህ ኋላው በተነሳ ጊዜ የእጅ ፍሬን ምንም አያግዝዎትም። ፊት ለፊት ያሉትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በጥሩ ታኮ ያስይዙ።

አንድም ብሎን ሳይፈታ መኪናው ባዶ ሆኖ በተስተካከለ ወለል ላይ ይቁምና በአራቱም ማዕዘን ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለክተው በወረቀት ይጻፉ። ከመሬት ተነስቶ መለካት ስሕተት ያመጣል፤ የጎማ ነፋስ ማነስና መብዛት ልኬቱን ያዛባዋልና። በተጨማሪም በፊት አክስሉ ላይ ጠፍጣፋ የሆነ ቦታ ፈልገው፣ የስልክዎን የማዕዘን መለኪያ አስቀምጠው አሃዙን ይመዝግቡ፤ ቦታውንም በኖራ ወይም በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ይህች ሁለት ደቂቃ የማትፈጅ ልኬት በኋላ ትልቅ ጥቅም አላት። ከዚያም ሁሉንም የሚፈቱ ብሎኖችና ዳዶዎች ከሥራው አንድ ቀን ቀድመው በዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያርሷቸው። የባሌስትራ ፒኖች በተለይ ለዓመታት ጭቃና ውሃ ሲጠጡ ስለኖሩ በጉልበት ብቻ ይወጣሉ ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ከፊት መጀመር ይቀላል። ሻንሲው ከፊት ብራቾዎቹ (አክስሉን ከሻንሲው ጋር ወደ ኋላ የሚያያይዙት ክንዶች) መያዣ ኋላ ባለው ጠንካራ ቦታ በማቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ ክሪኩ ግን ከአክስሉ ሥር ይቆያል። ጎማዎቹ ይወልቃሉ፤ የስታብላይዘሩ ማያያዣዎች፣ የሾክ አብዞርበሮቹ የታችኛው ጫፍ፣ ከዚያም አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያይዘው ፓናርድ የሚባለው ዘንግ በአንድ ጫፉ ይፈታል። ከዚህ በኋላ ክሪኩን ቀስ በቀስ ሲያወርዱት አክስሉ ይወርዳል፤ ሞላውም ላልቶ በእጅ ይወጣል። ድፍን አክስል ባለው መኪና ላይ ሞላ መጭመቂያ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ሥራው ለቤት የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። አክስሉ ሲወርድ ግን ወንድምዎ ሌላ ሥራ ሳይዝ አንድ ነገር ብቻ ይመልከት፦ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹንና የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ ቱቦ። መወጠር ሲጀምሩ «በቃ» ይበል፤ እርስዎም ያቁሙ። አዲሱን ሞላ ከማስገባትዎ በፊት የቀኝና የግራ ምልክት እንዳለው ይዩ፤ በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ጎድጎድ ውስጥ በትክክል ሲያርፍ አክስሉን መልሰው ያንሱ። ሾክ አብዞርበሩን መግጠም ማንም የሚሠራው ስለሆነ አላብራራውም፤ አሮጌውን ልመልሰው ብለው ግን እንዳያስቡ፤ አጭር ስለሆነ አክስሉ ሲወርድ የመጨረሻውን ግፊት ራሱ ይሸከምና ይቀደዳል።

በዚህ አጋጣሚ ሃይሉክስ ወይም ሌላ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት መኪና ያላቸው አንባቢዎች ይህን ክፍል እንዳይከተሉ አሳስባለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ በወጡት ሃይሉክሶች ላይ የፊቱ ሞላ በሾክ አብዞርበሩ ላይ ተጨምቆ ነው የታሰረው፤ ያለ ትክክለኛ መጭመቂያ የላይኛውን ዳዶ የፈታ ሰው ሞላው ፊቱን ሊመታው ይችላል። ያ ሥራ የጋራዥ ነው። ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚያገለግል ዘንግ) ባላቸው ቀደምት ሃይሉክሶች ላይ ደግሞ የዘንጉን ብሎን በማጥበቅ ፊቱን ማንሳት የተለመደ ነው፤ ያ ግን የዘንጉን ጥንካሬ አይጨምረውም፤ ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበትን ርቀት ይቀንሳል፣ የሲሚያሱን (ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ) ማዕዘን ያባብሳል፣ የሲሚያሱም ጎማ ሽፋን ቶሎ ይቀደዳል።

ወደ ላንድክሩዘሩ ልመለስ። ሞላው ገብቶ መኪናው በጎማው ሲቆም ሥራው ያለቀ ይመስላል። እኔ ግን ዋናው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው እላለሁ፤ ሞላ ቁመትን ብቻ አይደለም የሚቀይረው፣ ከአክስሉ ጋር የተያያዘውን ዘንግ ሁሉ ማዕዘን ነው የሚቀይረው። ከሁሉ የሚበልጠው ካስተር ነው። ካስተር ማለት የፊት ጎማ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ላይኛው ጫፉ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው። ጎማው ከተጠመዘዘ በኋላ መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ የሚመለሰው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። በእርስዎ መኪና የፊት አክስል ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ወደ ኋላ በሚሄዱ ሁለት ብራቾዎች ነው፤ ሻንሲው ሲነሳ የብራቾዎቹ የኋላ ጫፍ አብሮ ይነሳል፤ ብራቾዎቹ ከአክስሉ ጋር በጥብቅ ስለታሰሩም አክስሉ ራሱ ወደ ፊት ይንከባለላል፤ ካስተሩ ይጠፋል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የብራቾው ርዝመት አንድ ሜትር ቢሆን፣ 5 ሴንቲ ሜትር መነሳት ወደ 3 ዲግሪ የሚጠጋ ለውጥ ያመጣል። ከፋብሪካው የሚመጣው ካስተር ራሱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ቅድም በስልክ የለኩት አሃዝ የሚጠቅመው አሁን ነው። መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ወደፊትና ወደኋላ ጥቂት ተነድቶ ከተረጋጋ በኋላ፣ ስልኩን በዚያው ምልክት ላይ ያስቀምጡ፤ በሁለቱ አሃዞች መካከል ያለው ልዩነት የጠፋብዎትን ካስተር ይነግርዎታል። አንድ ዲግሪ ገደማ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ካስተር የሚመልሱ፣ ቀዳዳቸው ከመሀል ወጣ ያለ ጎሚኒዎች (በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚገቡ ላስቲክ ያላቸው ቀለበቶች) በብራቾዎቹ ላይ መግባት አለባቸው። ይህን በግቢ ውስጥ በመዶሻ አይሞክሩት፤ ብራቾዎቹን አውልቀው ፕሬስ ያለበት ጋራዥ ይውሰዷቸው። ጎሚኒው የፊትና የኋላ አቅጣጫ ስላለው ምልክቱን ራስዎ ቆመው ያረጋግጡ፤ በተቃራኒው ከገባ የጠፋውን ከመመለስ ይልቅ እጥፍ ያጠፋዋል። ካስተሩ ሲመለስ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከትራንስፈር ኬዝ ወደ ፊት የሚመጣው ዘንግም ማዕዘኑ ይሰፋል፤ ክሮቼራው (የዘንጉ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ላይ መንቀጥቀጥ ሊሰማ ይችላል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ፍጹም ማድረግ ስለማይቻል እኔ ሁልጊዜ የማስቀድመው መሪውን ነው። ከፍታውን ከ5 ሴንቲ ሜትር አታሳልፉ የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲኬድ አንዱን ማዕዘን ለማዳን ሌላው ይበላሻል፤ የዕቃው ዝርዝርም ማብቂያ የለውም።

መኪናው ሲነሳ የፓናርዱ ማዕዘን ስለሚቀየር አክስሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብዙ ጊዜ ችላ ሊባል የሚችል ነው። ፓናርዱን ሲመልሱ ቀዳዳው አልገጥም ካለ አይደንግጡ፤ መኪናውን በጎማው አቁመው አንድ ሰው መሪውን ቀስ አድርጎ ሲያዞር ይገጥማል። የመሪው ጎማ ከመሀል ወጥቶ ከቆመም መሪውን ነቅሎ ማዞር ትክክል አይደለም፤ ማስተካከያው በመሪ ዘንጉ ላይ ነው።

የኋላው ሥራ ጉልበት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። ሻንሲው ከባሌስትራው የፊት መያዣ ቀደም ብሎ በማቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ አክስሉ በክሪክ ይያዛል። አንዱን ወገን ጨርሰው ወደ ሌላው ይሂዱ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከተፈቱ አክስሉ የሚይዘው ያጣና ይንሸራተታል። አዲሱ ባሌስትራ ሲቀመጥ የመሀል ብሎኑ ጭንቅላት በአክስሉ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ መግባቱን በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ። ዩ ቦልቶቹ አዲስ መሆን አለባቸው፤ አሮጌ ዩ ቦልት አንዴ ተወጥሮ ስለረዘመ ሁለተኛ ቢጠብቅም አይጨብጥም። አራቱ ዳዶዎች በመስቀል ቅርጽ፣ በየተራ በጥቂት በጥቂቱ፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) እስከ ወረቀቱ አሃዝ ድረስ ይጠብቃሉ። «ቡሶላው ላይ ቱቦ ሰክቼ እስኪበቃኝ ስቤዋለሁ» የሚል መለኪያ የለም። መኪናው ሲወርድ ከባሌስትራው ኋላ ያለው ማንጠልጠያ የታችኛው ጫፉ ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ወደ ፊት ከተገለበጠ ባሌስትራው የሚረዝምበት ቦታ ያጣል፤ መኪናውም እንደ ጋሪ ይሆናል።

ስለ ጎሚኒ ደግሞ አንድ ነገር ጠንክሬ ልናገር። የብራቾ፣ የፓናርድና የባሌስትራ ጎሚኒዎች የሚያልፉባቸው ብሎኖች መኪናው በአየር ላይ ሳለ እንዲይዙ ያህል ብቻ ይጠብቁ፤ የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በአራት ጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የጎሚኒው የውስጥ ብረት ሲጠብቅ ከመያዣው ጋር አንድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው ላስቲኩ እየተጠመዘዘ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ፣ መኪናው በወረደ ቅጽበት ላስቲኩ እስከ ዳር ተጠምዝዞ ይቆማል፤ ቆሞም እያለ ይሠቃያል። ሥራውን በጀመርኩበት ዘመን የአንድ ደንበኛን መኪና እንዲህ በአየር ላይ ጠቅልዬ አጥብቄ ሰጠሁት። ከአራት ወር በኋላ «ጠረጴዛ ይመስል ይንቀጫቀጫል» ብሎ መለሰልኝ፤ ስፈታው አዲስ የነበሩት ጎሚኒዎች በሙሉ ተቀድደው ነበር። ሌላ ስብስብ በራሴ ገንዘብ ገዛሁለት፤ ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንምጣ። የፍሬን ጎማ ቱቦዎች የተለኩት ለነባሩ ከፍታ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ሻንሲውን አንስተው አክስሉ እስከ መጨረሻው እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ ወንድምዎ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙር፤ እርስዎ ቱቦዎቹን ይመልከቱ። የተወጠረ፣ ከጎማ ወይም ከሞላ ጋር የሚታከክ ቱቦ ካለ መኪናው ከግቢ መውጣት የለበትም። ረዘም ያለ ቱቦ መቀየር የፍሬን አየር ማውጣትን ስለሚጨምር፣ ይህን ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ባለሙያ ግቢዎ ድረስ ይጥሩ።

ከዚህ የባሰው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ፒክአፖች ከኋላ አክስሉ በላይ በሻንሲው ላይ የተቀመጠ፣ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አላቸው። ሥራው ጭነትን መመዘን ነው። ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲቀርብ መኪናው እንደተጫነ ይቆጥርና ለኋላው ፍሬን ብዙ ግፊት ይሰጣል፤ ሻንሲው ሲርቅ ባዶ ነው ብሎ ይቀንሳል። እንግዲህ መኪናው በ5 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ ቫልቩ ይታለላል፤ አሥር ጆንያ ተጭኖ እያለ እንኳ ከእውነተኛው ያነሰ ጭነት ያለ ይመስለዋል፤ የኋላው ፍሬን ይሰንፋል፤ ሸክሙ ሁሉ በፊቱ ፍሬን ላይ ይወድቃል። በጅማ ከተማ ውስጥ ላይታወቅዎት ይችላል። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርደውን ረጅም ቁልቁለት ከነጭነቱ ሲይዙት ግን የፊቱ ፍሬን ግሎ ይሸታል። መፍትሔው የዘንጉን የአክስል በኩል መያዣ መኪናው በተነሳበት መጠን ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ብረት መግጠም ነው፤ ብየዳ ቤት በግማሽ ሰዓት ይሠራዋል። ቫልቩን ጨርሶ መዝጋት ወይም ማውጣት ግን ባዶ መኪና በእርጥብ አስፋልት ላይ ኋላው ቀድሞ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

ሚዛንም ይቀየራል። ለማሳያ ያህል የጎማዎቹ ስፋት 145 ሴንቲ ሜትር፣ የክብደቱ መሀል ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው ብንልና ይህ ወደ 80 ከፍ ቢል፣ መኪናው ወደ ጎን መገልበጥን የሚቋቋምበት አቅም ወደ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በጆንያ ላይ ሰው ሲሳፈርበት ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ ይብሳል። እንደ በፊቱ አድርገው ኩርባ አይያዙ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሱት ባዶውን ወደ ጅሬን የሚወጣውን መንገድ ቀስ ብለው ይውጡና ይውረዱ። ሰው በሌለበት ቀጥተኛ ቦታ በ40 ፍጥነት ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መሆኑን፣ ከኩርባ ሲወጡ መሪው በራሱ የሚመለስ መሆኑን ይመርምሩ። ቀጥሎ የፊት ጎማ አላይመንት ያሠሩ፤ ባለሙያውንም የካስተሩን አሃዝ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ካልተጠየቀ አይነገርም። የኋላው ከፊቱ በላይ ወይም በታች ከተነሳ የፊት መብራቱ ወደ መሬት ወይም ወደ ተቃራኒ ሾፌር ዓይን ስለሚያነጣጥር እሱም ይስተካከል። መኪናው በየዓመቱ ለቦሎ ሲቀርብ ስለሚመረመር፣ ለውጡን በተመለከተ የሚፈለግብዎት ነገር ካለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው መጠየቅ ከሥራው በኋላ ከመከራከር ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ጊዜው ጠይቀዋል። እኔና አንድ ረዳት ሙሉ መሣሪያ ይዘን አንድ ቀን ይበቃናል፤ ለእርስዎና ለወንድምዎ ግን ሁለት ሙሉ ቀን እንድትይዙለት እመክራለሁ፤ አንዱ ለፊቱ፣ ሌላው ለኋላው ይሁን። ሰኞ ጠዋት መኪናው ለሥራ የሚፈለግ ከሆነ እሑድ ከሰዓት በኋላ አትጀምሩት፤ የዛገ የባሌስትራ ፒን አንድ ብቻውን ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ ማቆሚያውን ትቶ በክሪክ ብቻ ይሠራል። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ከዚያም ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ዩ ቦልቶቹንና የብራቾ ብሎኖቹን ሁሉ በቶርክ ሬንች ዳግመኛ ይፈትሹ፤ አዲስ ሞላና ባሌስትራ በዚህ ጊዜ ውስጥ ትንሽ ዝቅ ብለው ስለሚረጋጉ አራቱን ማዕዘኖችም እንደገና ይለኩ። በግራና በቀኝ መካከል ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካገኙ ሞላዎቹ ቦታ ተለዋውጠው እንደሆነ በቅድሚያ ይመልከቱ። ሞላዎቹ በትክክል ከገቡና ልዩነቱ ከቀጠለ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጻፉትን ወረቀት አውጥተው ያነጻጽሩ፤ መኪናው ድሮውንም ያዘነበለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።